ጨው ውኃ ያጠጣነው እኛ ነን

ጡረታ በወጣሁ ቀን ፎቶ አንሺው "እማማ፣ አፍዎን ገጠም ያድርጉልኝ" አለኝ። ገጠም አደረግኩለት። ፎቶው ናዝሬት ባለው የውኃ መሥሪያ ቤታችን ኮሪደር ላይ ከሌሎቹ ጡረተኞች ጋር ተሰቀለ። ያየው ሁሉ "ዘነበች ተቆጥታ ነው የተነሣችው" ይል ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ተቆጥቼ ነበር።

ሥራ አስኪያጃችን የስንብት ንግግር ሲያደርግ የሠራሁባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ጠራ፤ ባቱ፣ መቂ፣ ሶደሬ፣ ሞጆ። ሞዛምቢክን ዘለላት። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወሬኛ "ጨው ውኃ ማጠጣቷስ ተረሳ?" አለና አዳራሹ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁም ፈገግ አለ። እኔ የያዝኩትን ለስላሳ ሳልጨርስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ቀልዱ የቆየ ነው። ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ ቱሉ ያረፉ ጊዜ፣ ልቅሶው ድንኳን ውስጥ እንኳ ካርታ የሚጫወቱ ሰዎች "ሽማግሌው ጨው ውኃ አጠጥቶ መጣ" እያሉ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ያን ቀን አልቅሼ ዝም አልኩ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ብዬ አለፍኩት። አሁን ግን ዝም የምልበት ምክንያት የለኝም። አዎ፣ ጨው ውኃ ያጠጣነው እኛ ነን። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አላጋጠመኝም።

ጉዳዩ የቀልድ ብቻ ቢሆን ይኸን ሁሉ አልጽፍም ነበር። እኔ ጡረታ በወጣሁበት ሰሞን ከዚያው ከሞዛምቢክ እንደገና ጥያቄ መጣ። ጎርፍ ጉድጓዶቻቸውን አበላሽቶባቸው የእጅ ፓምፕ የሚጠግኑ ሰዎች ላኩልን ይላሉ። መሄድ የሚችሉ ደህና ደህና ባለሙያዎች በየቅርንጫፉ አሉን። ሥራ አስኪያጁ ግን "አንዴ ተዋርደናል፤ ይቅርብን" ማለቱን ከቢሮው ሰማሁ። ተዋርደናል የምትለዋ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። የተወለድኩት ወንጂ አጠገብ ነው። በእኛ በስምጥ ሸለቆ ብዙው የጉድጓድ ውኃ ሐኪሞቹ ፍሎራይድ የሚሉት ነገር አለበት። በልጅነቱ እሱን የጠጣ ሰው ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይቀራል፤ ዕድሜ ልኩን የጠጣው ደግሞ አጥንቱ ይደርቃል፣ ወገቡ አልታዘዝ ይለዋል። በዚያ ላይ ውኃችን ጨው ጨው ይላል። እኛ ግን አናውቀውም፤ ውኃ ማለት ለእኛ እሱ ነው። ልጅ ሆኜ ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍን ነበር። አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄጄ ያደርኩባት ሴትዮ "ይቺ ልጅ ትንባሆ ታጨሳለች" ብላ ለጎረቤት አውርታብኛለች።

ሙያ ትምህርት ቤት ጨርሼ ባቱ ስመደብ የቅርንጫፉ አለቃ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና "ዕቃ ግምጃ ቤት ትግባ" አለ። ፓምፕ መፍታት የወንድ ሥራ ነው ባይ ነበር። በሩ ላይ ቆመው የሰሙት ጋሽ ቱሉ ወደ ውስጥ ዘለቁ። አንገታቸው ስለማይዞር ሰው ለማየት መላ ሰውነታቸውን ማዞር ነበረባቸው፤ ጠባብ መንገድ ላይ እንደሚዞር ተሳቢ መኪና ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"ጥርስሽን አሳዪኝ እስቲ" አሉኝ።

አፍሬ በግድ አሳየኋቸው። እሳቸውም የራሳቸውን አሳዩኝ፤ ከእኔ የባሰ ነበር።

"ይቺ የውኃ ልጅ ናት" አሉት አለቃውን። "ውኃ የጎዳው ሰው ውኃ ላይ አይቀልድም። ለእኔ ስጠኝ።"

በዚያው የእሳቸው ሆኜ ቀረሁ። ቧንቧ በፈረስ ጋሪ ጭነን ከአበባ እርሻዎቹ ጀርባ ወዳሉት መንደሮች እንሄዳለን። ጋሪው የማይገባበት ቦታ ስንደርስ ተሸክመን እንቀጥላለን። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ የመንግሥት ደመወዝ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለ ሥራው ግን ብናገር ደስ ይለኛል።

የእጅ ፓምፕ ልቡ ከመሬት በላይ የሚታየው እጀታው አይደለም። ጉድጓዱ ውስጥ፣ ከቧንቧዎቹ ጫፍ፣ ሲሊንደር የሚባል አለ፤ በእሱ ውስጥ ከቆዳ የተሠራ ዋሸር ሽቅብ ቁልቁል እያለ ውኃውን ይገፋዋል። ቆዳው ከደረቀ ፓምፑ አየር ይውጣል፣ ሴቶቹ እጀታውን ሲገፉ ይውላሉ፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ከመጋዘን የሚሰጠን ዋሸር ቶሎ ስለሚሰነጠቅ ጋሽ ቱሉ የራሳቸውን ይሠሩ ነበር። ሞጆ ቆዳ ፋብሪካ የሚሠራ ወዳጅ ነበራቸው፤ ከእሱ የበሬ ቆዳ ገዝተው በሰላ ቢላዋ ክብ አድርገው ይቆርጡና ዘይት ውስጥ ይነክሩታል። መድረሱን የሚያውቁት በጣት ነው። በአንድ እጃቸው ቆዳውን፣ በሌላው የእኔን የጆሮ ጫፍ ቆንጥጠው ያስተያያሉ። "ገና ነው፤ ጆሮሽ ይለሰልሳል" ይሉኛል። ለምን የራስዎን ጆሮ አይቆነጥጡም ብላቸው "የእኔማ ደርቋል" አሉ።

ሌሎች ልማዶችም ነበሯቸው። ቧንቧ ከማውረዳቸው በፊት የጉድጓዱን አፍ በመፍቻ ነካ ነካ አድርገው ጆሯቸውን ይደቅናሉ። የሥራ ዕቃቸውን ሥራው ሳያልቅ መኪና ላይ አያስጭኑም። ከሁሉም በላይ የማይሽሩት ሕግ "የሠራ ይቅመስ" የሚለው ነበር። ጥገናው እንዳለቀ የመጀመሪያውን ጣሳ ውኃ ሕዝቡ እያየ ራሳቸው ይጠጣሉ። "እኔ ያልጠጣሁትን ለሰው ልጅ አልሰጥም" ይሉ ነበር። እኔም በኋላ መቂ ላይ፣ ሶደሬም ላይ የቡድን መሪ ስሆን እንዲሁ አደረግኩ። ጥሩ ሕግ ነው፤ ጉድ የሠራንም እሱ ነው።

ሞዛምቢክ ውስጥ አውሎ ነፋስ ባሕሩን አንሥቶ የዳርቻ መንደሮች ላይ የደፋው ጊዜ የሚጠግን ሰው ተፈለገ። ግንበኛ፣ አናጢ፣ በያጅ፣ የፓምፕ ሰው። ከናዝሬትና ከአካባቢዋ የተሰባሰብነው የፓምፕ ሰዎች መሪ ጋሽ ቱሉ ሆኑ፤ እኔ ደግሞ የሙያ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስለነበረኝ አስተርጓሚም ሆንኩ። ያኔ ሰፈራችን ውስጥ ሰዉ ግራ ገብቶት ነበር። ጎረቤቴ "እኛ ነን እንጂ እርዳታ የሚላክልን፣ እናንተ ደግሞ ምን ልትሰጡ ነው?" አለችኝ። "እጃችንን" አልኳት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

የደረስንበት መንደር ጣሪያ የሚባል አልተረፈውም። የኮኮናት ዛፎቹ ወገባቸው ተቆርጧል፤ አሸዋው ላይ የአልጋ እግርና ድስት ተበታትኗል። ጉድጓዱ አንድ ነበር፤ ባሕሩ አልፎበታል። የአገሩ ኢንጂነር አሜሊያ የምትባል ወጣት ሴት ነበረች። ፓምፑን ፈታን፣ አሸዋውን አወጣን፣ ዘንጉን አቀናን፣ የጋሽ ቱሉን ቆዳ አስገባን። ከዚያ አገራችን እንደምናደርገው ውኃው እስኪጠራ ድረስ ያለ ዕረፍት ቀዳነው። ጠራ። ብርጭቆ መሰለ።

አሜሊያ "የጨው መለኪያዬ ርሶብኛል፤ ሌላ ከከተማ እስኪመጣ ጠብቁ" አለችን። የእርዳታው አስተባባሪ ግን ከሌላ አገር የመጣ ጥድፊያ የማይለቀው ሰው ነበር፤ እንግዶች ጠርቷል፣ ርክክቡ ዛሬ ይሁን አለ። ጋሽ ቱሉም "ውኃ እኮ ነው፤ ምላስ አለን" አሉ። ሰዉ ባልዲውን ይዞ ተሰለፈ። ጋሽ ቱሉ እንደ ሕጋቸው የመጀመሪያውን ጣሳ ጨለጡ። "ቢሻን ገሪ" አሉ፣ ጥሩ ውኃ ነው ማለታቸው ነው። እኔም ጠጣሁ። የእኛ ሰዎች ሁሉ ጠጡ። እውነቴን ነው፣ የወንጂ ውኃ መሰለኝ፤ ቤቴ የገባሁ ያህል ደስ አለኝ።

ቀጥሎ ጣሳው ለመንደሩ ታላቅ ሴት ተሰጠ። ቮቮ ይሏቸዋል፤ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ቮቮ አንዴ ጎንጨት አሉና እንግዶቹ ፊት ቱፍ አደረጉት።

"ባሕር ነው" አሉ።

አሜሊያ ጣሳውን ተቀብላ ቀመሰች። ፊቷ ተለወጠ። ወደ እኔ ዞራ፣ ስድብ ሳይሆን የምር ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ "እናንተ ምን ዓይነት ውኃ እየጠጣችሁ ነው ያደጋችሁት?"

ጥያቄውን ለጋሽ ቱሉ ተረጎምኩላቸው። እሳቸውም አፋቸውን ከፍተው ጥርሳቸውን በጣታቸው አሳዩአት። "እንዲህ ያለ" አሉ። ያን ጊዜ ሁላችንንም ገባን። በውኃ ጣዕም ላይ የእኛን ምላስ ማመን አልነበረብንም። ከመላው ዓለም ጨው ውኃን ጣፋጭ የሚል ሰው ተፈልጎ የተላከ ይመስል ነበር። ሰልፉ ባዶ ባልዲውን ይዞ ሲበተን ማየት ከባድ ነው፤ አንዲት እናት ልጇን አዝላ እየዞረች ታየን ነበር።

አስተባባሪው ወዲያው ወሰነ። በማግሥቱ መኪና መጥቶ እንዲወስደን፣ እኛም ወደ አገራችን እንድንመለስ፣ ሌላ ቡድን እንዲፈለግ። ለሌላው ቡድን ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ስጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ። ጠዋት መኪናው መጣ። ሾፌሩ የሥራ ዕቃችንን ጫነ። ጋሽ ቱሉ የማይዞር አንገታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ወደ መኪናው ሄዱና የመፍቻ ሣጥኑን ጎትተው አወረዱት። አስተባባሪው እየሮጠ መጣ።

"ትኬታችሁ ተቆርጧል!" አለ።

"ንገሪው" አሉኝ ጋሽ ቱሉ። "ሥራ ሳያልቅ ዕቃ አላስጭንም። በዚያች አሮጊት ጉሮሮ ውኃ ሳይወርድ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ፖሊስ ይጥራ ከፈለገ።"

ተረጎምኩለት። የራሴንም ጨመርኩበት፤ የጨመርኩትን እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ የቧንቧውን መቁረጫ አወረድኩ፣ ሌሎቹም የየራሳቸውን አወረዱ። ሾፌሩ ሳቁን መያዝ አቅቶት ነበር። አሜሊያ ከጎናችን ቆመችና ለአስተባባሪው በራሷ ቋንቋ የሆነ ነገር አለችው፤ ምን እንዳለችው ጠይቄያት ነግራኝ አታውቅም። መኪናው ባዶውን ተመለሰ።

መፍትሔውን ያመጣችው አሜሊያ ናት፤ ይኸንንም ማንም እንዲነጥቃት አልፈልግም። አሸዋው ላይ በእንጨት እየሣለች አስረዳችን። ባሕር ዳር፣ ከመሬት በታች፣ የዝናቡ ውኃ ጨዋማው ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ዘይት ውኃ ላይ እንደሚንሳፈፈው። እኛ ደግሞ ያለ ዕረፍት ስንቀዳ የታችኛውን ጨው ሽቅብ ስበነዋል። እኛ አገር ውኃ ሲጠፋ ወደ ጥልቁ እንወርዳለን፤ ዕድሜ ልካችንን የተማርነው እሱን ነው። እዚያ ግን ወደ ላይ መውጣት ነበረብን። ጋሽ ቱሉ ሥዕሉን ዙሪያውን ዞረው አዩት። "ኢንተላ ኮ፣" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "በስተርጅና ተገልብጠን ልንማር ነው።"

ቧንቧዎቹን በሙሉ አወጣን። ከታች ያሉትን ቀንሰን ሲሊንደሩን ጣፋጩ ውኃ ካለበት ከፍታ አደረግነው። ባሕሩ የገባበትን የጉድጓዱን አፍ ዙሪያ ቆፍረን፣ ጭቃ ጠቅጥቀን፣ በላዩ ላይ ሲሚንቶ አፈሰስን። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ነበር። ጥቂት ይቀዳል፣ ይደፋል፣ ጉድጓዱ ያርፋል። ዝናብ ይጠበቃል። መለኪያው ከከተማ መጣና ጨው መቀነሱን አሳየን፤ ጋሽ ቱሉ ግን በየጠዋቱ ጣሳውን ይዘው ቮቮ ቤት ይሄዱ ነበር። ቮቮ ቀምሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጋሽ ቱሉ "እሺ እናቴ" ብለው ይመለሳሉ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም፤ ግን ሲሳደቡ ይግባቡ ነበር።

መንደሩ በዚያ ሁሉ ጊዜ ውኃ የሚያገኘው አልፎ አልፎ ከሚመጣ ቦቴ ነው። ቦቴው የቀረ ቀን ልጆቹ ሲያለቅሱ ድንኳናችን ድረስ ይሰማል። እንደዚያ ያለ ሐፍረትና ንዴት አንድ ላይ ተሰምቶኝ አያውቅም። ማንም ግን ልሂድ አላለም።

ዝናብ ጣለ። ከዝናቡ በኋላ ባለ አንድ ጠዋት ቮቮ ራሳቸው ወደ ፓምፑ መጡ። ጋሽ ቱሉ ጣሳውን ሞልተው ሰጧቸው፤ መጀመሪያ ራሳቸው አልቀመሱም። ቮቮ ጠጡ። እንደገና ጠጡና ጣሳውን ጨረሱት። ጎንበስ ብለው ባልዲያቸውን ከፓምፑ አፍ ሥር አስቀመጡና እጀታውን እንድገፋ በእጃቸው ጠቆሙኝ። ገፋሁ። እያለቀስኩ ነው የገፋሁት።

በኋላ ጋሽ ቱሉም ቀመሱት። ፊታቸውን አጨማደዱ። "ይኼ ምን ጣዕም አለው? ባዶ ነው እኮ" አሉ። ከነባልዲያቸው የቆሙት ሴቶች ሳይተረጎምላቸው ሳቁ።

እንግዲህ ተዋርደናል የሚባለው ይኼ ነው። ሥራ አስኪያጁ "ይቅርብን" ማለቱን በሰማሁ ማግሥት ቀጠሮ ሳልይዝ ቢሮው ገባሁ። ትሑት ልጅ ነው፤ ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠኝ። እላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኩት። ሲያዳምጥ ቆይቶ "ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም ነበር" አለኝ።

"አልጠየቅክማ" አልኩት።

"ግን ወይዘሮ ዘነበች፣ እንደገና ቢሳሳቱስ?"

"ይሳሳታሉ። ሰው አገር ነው፤ አፈሩም ውኃውም ሌላ ነው። ሳይደፈርስ አይጠራም። የማይሳሳት ሰው ስትፈልግ ማንንም ሳትልክ ትቀራለህ፣ ያ ሁሉ ሕዝብም ጥም ይገድለዋል። አንተ መጠየቅ ያለብህ ከተሳሳቱ በኋላ መኪና ላይ ይወጣሉ ወይስ ዕቃቸውን ያወርዳሉ ብለህ ነው። የእኛዎቹ ያወርዳሉ።"

ብዕሩን በጣቶቹ መካከል ያገላብጥ ጀመር። "እስቲ ላስብበት" አለ። የቢሮ ሰው ላስብበት ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ተነሣሁ።

"አስብበት። ካልላክሃቸው ግን ፎቶዬን ከኮሪደርህ ላይ አውርድልኝ። የጋሽ ቱሉንም ጭምር። በሥራችን የሚያፍር ቤት ግድግዳ ላይ አንሰቀልም።"

መልስ ስላላገኘሁ ፎቶዎቹን ራሴ ለማውረድ በሚቀጥለው ሳምንት ቁርበት የሚያህል ማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ሄድኩ። ዘበኛው "እማማ፣ ምን ሊጭኑ ነው?" ብሎ ቀለደብኝ። ኮሪደሩ ላይ ሥራ አስኪያጁ ጠበቀኝ። ቡድኑ እንዲሄድ ፈርሟል። የሚሄዱትን ከመሄዳቸው በፊት እንዳነጋግራቸው ለመነኝ። ከረጢቱን አጥፌ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩት።

የሚሄዱት ወንዶችም ሴቶችም ናቸው፤ የባቱ፣ የመቂ፣ የሞጆ ባለሙያዎች፤ አብዛኞቹ የእኛው ጥርስ ያላቸው። ከጋሽ ቱሉ የቀረኝን ቆዳ ሰጠኋቸው። የሞጆ ቆዳ ነው፣ ዘይት እንዲጠጣ አድርጉ፣ ከጆሯችሁ ጋር አስተያዩት አልኳቸው። መለኪያውን እመኑ። "የሠራ ይቅመስ" የሚለውን ግን እዚሁ ተዉት፤ የመጀመሪያው ጣሳ እዚያው ለተወለደች አሮጊት ይሰጥ። እሷ ከተፋችው ዕቃችሁን አውርዱ።

ለሽኝቱ ያው ፎቶ አንሺ ተጠርቶ ነበር። አሰለፈን፤ ካሜራውን አነሣና "አፋችሁን ገጠም..." ሲል ዓይኑ ከዓይኔ ጋር ተጋጨ። ቀሪውን ዋጠው።

"ሳቁ!" አልኩ እኔ።

ሳቁ። የመጀመሪያው ፎቶዬ ወርዶ በቦታው ይኼኛው ተሰቅሏል፤ ያየው ሁሉ ጥርሳችንን ሳያይ አያልፍም።